«ኮንትራት አልሄድም» ያለች ልጅና ደላላው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው በብዙ ቤቶች ደጃፍ ላይ ስለሚቆም አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ደላላ ነው። አንዳንዴ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ጎረቤት፣ የአክስት ባል፣ አለዚያም ራሷ ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች የሰፈር ልጅ ናት። የሚመጣውም ቡና ሲፈላ፣ ወሬው ሲደራ ነው። ስለ ደመወዙ፣ ስለ መዳሟ ደግነት፣ ስለ ቤቱ ስፋት ያወራል። ልጅቷ «አልሄድም» ያለች ዕለት ግን ያ ለስላሳ አነጋገር ይለወጣል።

ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከስልጤና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ እህቶቻችን ወደ ሳውዲ አረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ኤምሬቶችና ወደ ቤይሩት በኮንትራት ሄደዋል። በላባቸው ወላጆቻቸውን የጦሩ፣ ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ ብዙዎች ናቸው፤ አላህ ልፋታቸውን ይቀበላቸው። ስለዚህ ዛሬ መሄድ ይሻላል ወይስ መቅረት ብለን አንከራከርም። ጉዳያችን ሌላ ነው። አስባ፣ ጠይቃ፣ ከቤተሰቧ ጋር ተመካክራ «አልሄድም» ያለች ልጅ ከዚያ በኋላ የሚደርስባትን ግፊት እንዴት ትወጣው? ቤተሰቧስ ምን ይርዳት?

ግፊቱ ከየት ይመጣል?

ደላላው የሚከፈለው በላከው ሰው ቁጥር ነው። ልጅቷ ደርሳ ደመወዟን በጊዜው ብታገኝም ባታገኝም፣ ብትታመምም ብትድንም፣ የእሱ ድርሻ ያው ነው። ከእሱ በላይ ኤጀንሲ አለ፤ ከኤጀንሲው ባሻገር በዐረብ አገር ያለው መክተብ አለ፤ ከመክተቡ በኋላ ሠራተኛ የሚጠብቅ አሠሪ አለ። አንዲት ልጅ «ትቼዋለሁ» ስትል ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ይጎድላል። እንግዲህ ደላላው ደጋግሞ የሚመጣው ለእሷ ዕድል እንዳያመልጣት ሳስቶላት ብቻ አለመሆኑን ቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ቃላቱ ግማሽ ኃይላቸውን ያጣሉ።

ቃላቱም በየሰፈሩ ተመሳሳይ ናቸው። «ቪዛው ወጥቷል፤ ዛሬ ካልወሰንሽ ይቃጠላል» ይባላል። «ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ካሳውን አንቺ ትከፍያለሽ» ይባላል። «ፓስፖርትሽ እኛ ዘንድ ነው» ይባላል። ለእናትየዋ ደግሞ «እትዬ፣ የጎረቤትዎ ልጅ ለእናቷ ቤት ሠርታ ቆርቆሮ አለበሰች፤ የእርስዎ ልጅ ምን ጎደላት?» ይባላል። በመጨረሻም፣ ሰዎቹ ሙስሊሞች መሆናችንን ያውቃሉና፣ «ቃል ሰጥተሽ ነበር፤ ውል ማፍረስ ሐራም አይደለም እንዴ?» ይላሉ። ዲናችንን ለማስፈራሪያ ስላደረጉት፣ ከዚህ ከመጨረሻው እንጀምር።

«ውል ማፍረስ ሐራም ነው» ሲባል

ውልን መሙላት ግዴታ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ምእመናንን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ አዟል። ቃሉን የሚያጥፍ ሰውም በሙናፊቅ ምልክት እንደሚታወቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ይህን ማንም ሙስሊም አያቃልለውም።

ነገር ግን ውል ምን እንደሆነ ማወቅም የዲን ጉዳይ ነው። «እስቲ አስባለሁ» ማለት ውል አይደለም። ፎቶ መስጠት ውል አይደለም። ፓስፖርት ማውጣትና የጤና ምርመራ ማድረግም ውል አይደለም። አላህ በሱረቱን ኒሳእ 29ኛ አንቀጽ ላይ ገንዘብ በሰዎች መካከል በሐላል የሚተላለፈው በንግድና በመዋደድ፣ ማለትም በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ መሆኑን ገልጿል። ፈቃድ የሌለበት፣ በማስፈራራትና በይሉኝታ የተነጠቀ «እሺ» መዋደድ የለበትም።

ቁርኣን የአሠሪና የሠራተኛ ውል ምን እንደሚመስል በምሳሌ አሳይቶናል። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽተው መድየን በደረሱ ጊዜ፣ ሽማግሌው ያደረጉላቸው የሥራ ስምምነት በሱረቱል ቀሶስ ተተርኳል። ዘመኑ ተቆርጦ ተነግሯል፤ ስምንት ዓመት ነው። ከዚያ የሚጨመረው ሁለት ዓመት በሙሳ ፈቃድ እንጂ በግዴታ አልነበረም። አሠሪው ሊያስጨንቋቸው እንደማይሹ በአፋቸው ተናገሩ። ሙሳም ከሁለቱ ጊዜያት የትኛውንም ቢፈጽሙ በደል እንዳይደርስባቸው ብለው ቃሉን አጸኑ። ዘመኑ የታወቀ፣ ዋጋው የታወቀ፣ የሁለቱም አንደበት የተሰማበት ውል ይህ ነው። ድሀና ስደተኛ የነበሩት ሠራተኛ ሳይቀሩ የራሳቸውን ቃል ተናገሩ! ዛሬ ልጃችን ቋንቋውን በማታነበው ወረቀት ላይ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ስትባል፣ ይህን ታሪክ እናስታውስ።

እርጥቡ እህል ከላይ ይውጣ

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ላይ የታወቀ ታሪክ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩና እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ባለ እህሉ ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እሳቸውም ሰዉ እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ያታለለ ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ።

የኮንትራቱን ክምር እንዲሁ እንፈትሸው። ደላላው የሚያሳየን ደረቁን ነው፤ እርጥቡ ከሥር ነው። የቤቱ ሰው ስንት ነው? ልጆች፣ አሮጊት፣ ሕመምተኛ አለ? የዕረፍት ቀን አለ? ስልኳ ከእጇ ይወሰዳል? ሶላቷን በጊዜው ትሰግዳለች? ረመዳንን እንዴት ታሳልፋለች? ደመወዙ በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ይገባል ወይስ በእጅ ይሰጣል? ሥራው ባይስማማት ማን ዘንድ ትሄዳለች? በአብዛኞቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማው፣ ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከቤቱ መውጣት እንደ መግባት ቀላል አይደለም። ይህ ሁሉ ከመሄዷ በፊት ሊነገራት የሚገባ ነገር ነው።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይሰጥ «ዛሬ ካልወሰንሽ» የሚል ሰው ክምሩን እንዳትነኩበት የሚከለክል ነጋዴ ነው። አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለዋል። ቪዛ ይቃጠላል የሚባለው ቢቃጠል እንኳ ወረቀት ነው፤ የሰው ልጅ ዕድሜ ግን ተመልሶ አይገኝም። ለእንዲህ ያለ ውሳኔ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለሰሓቦቻቸው የቁርኣን ምዕራፍ እንደሚያስተምሩ አድርገው ያስተማሩት ሶላተል ኢስቲኻራ አለ። ሁለት ረከዓ ሰግዶ፣ መልካሙን ከአላህ ለምኖ፣ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተመካክሮ ለመወሰን የሚጠይቀውን ጊዜ የሚነፍግ ሥራ፣ ከጅምሩ በረካው ያጠራጥራል።

ሕጉስ ምን ይላል?

«ካሳ ትከፍያለሽ» ለሚለው ማስፈራሪያ የመጀመሪያው መድኃኒት ማወቅ ነው። በአገራችን የውጭ አገር የሥራ ስምሪትን ለመምራት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የወጣ ሲሆን፣ አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። በዚህ ሕግ መሠረት ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልከው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ እንጂ በየሰፈሩ የሚዞር ደላላ አይደለም። ዕድሜዋ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ አትላክም። የሥራ ውሉም በሚኒስቴሩ መጽደቅ አለበት፤ ይህ ኃላፊነት ዛሬ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

ወጪውንም ሕጉ ከፋፍሎታል። የመዳረሻ አገሩ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ዋስትና በአሠሪው ላይ የተጣሉ ወጪዎች ናቸው። በሠራተኛዋ ላይ የሚወድቁት እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያሉት ናቸው። እንግዲህ ደላላው «ለቪዛ ያወጣሁትን አምጪ» ሲል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አንተ ማነህ? ፈቃድህ የት ነው? ደረሰኝህስ?» ተብሎ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1696 በስህተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል የተሰጠ ፈቃድ ውሉን ሊያስፈርሰው እንደሚችል ደንግጓል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 በሰው መነገድንና አስገድዶ ማሠራትን ከልክሏል። በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012ም ሰውን በማታለልና በማስፈራራት ለብዝበዛ የሚመለምለውን ይቀጣል። «ካልሄድሽ ፖሊስ ይይዝሻል» የሚላት ሰው እንግዲህ ነገሩን ገልብጦታል። ሥራ አልፈልግም ማለት ወንጀል አይደለም፤ አስፈራርቶ መላክ ግን ሊያስቀጣ ይችላል።

ፓስፖርትን መያዣ ማድረግም እንዲሁ ነው። ለጉዳይ ማስፈጸሚያ የተሰጠ ሰነድ አማና ነው። ጉዳዩ ሲቀር አማናው ለባለቤቱ ይመለሳል። «ገንዘቤን ካላመጣሽ አልሰጥም» ቢል፣ የገንዘቡ ጥያቄ በራሱ መንገድ ይታያል፤ ፓስፖርቱ ግን የዕዳ መያዣ አይደለም። እምቢ ካለ ለኤጀንሲው፣ ቀጥሎም ለሥራና ክህሎት ቢሮና ለፖሊስ በጽሑፍ ማመልከት ነው።

ከፈረመች በኋላ ብትተውስ?

እዚህ ላይ ሚዛናችንን እንጠብቅ። ልጅቷ በፈቃዷ፣ አንብባና ገብቷት ከፈረመች፣ ያ ውል ነው። ያለ ምክንያት ጥላው ብትጠፋ፣ ስልኳን ብትዘጋ፣ ሌላው ሰው በእርግጥ ያወጣው ገንዘብ ቢከስርበት፣ ይህ የሙስሊም ሥነ ምግባር አይደለም። ኢስላም አንዱ ሌላውን እንዳይጎዳ፣ ለጉዳትም በጉዳት እንዳይመልስ ያዛል።

ታዲያ መውጫ የለም ማለት ነው? አይደለም። በፊቅህ ኢቃላ የሚባል ነገር አለ። ይኸውም ከተዋዋሉት አንዱ ሲጸጸት ሌላው ይቅር ብሎ ውሉን ማውረዱ ነው። አቡ ዳውድና ኢብን ማጀህ በዘገቡት ሐዲስ፣ የሙስሊም ወንድሙን ውል ይቅር ያለ ሰው አላህ መሰናክሉን ይቅር እንደሚለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አብስረዋል። ስለዚህ የተጸጸተች ልጅ ሳትደበቅ፣ ቲኬት ከመቆረጡና ሌላ ወጪ ከመከተሉ በፊት፣ በጽሑፍ «ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ውሉ ይውረድልኝ» ትበል። የጽሑፉን ቅጂ ትያዝ። ኤጀንሲው ወጪ አለብኝ ካለ በደረሰኝ ያስረዳ፤ ሕግ በእሷ ላይ የጣለው እውነተኛ ወጪ ካለ ቤተሰብ ተጋግዞ ይክፈል፤ ከዚያ በላይ «የሞራል»፣ «የስም ማጥፊያ»፣ «የኮሚሽን» እየተባለ የሚቆለለው ግን ያለ ሕግ አይከፈል። ክርክሩ ካልበረደ ጉዳዩ ወደ ሥራና ክህሎት ቢሮ ይሂድ።

የተነገራት ሥራና ውሉ ላይ የተጻፈው ሥራ ተለያይቶ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አገሩ ከተለወጠ፣ ደመወዙ ከተቀነሰ፣ «አንድ ቤት» የተባለው ሦስት ቤት ከሆነ፣ ያታለለው ወገን ስለ ውል መከበር ሊሰብክ አፍ የለውም።

«እምቢ»ን ቤተሰብ ይናገረው

የዛሬው ዋና መልእክታችን ይህ ነው። ብዙ ልጆች የሚሸነፉት ደላላው ትክክል ስለሆነ አይደለም፤ ብቻቸውን ስለሚመልሱለት ነው። የ19 ዓመት ልጅ በዕድሜ ለሚበልጣት፣ አባቷን ለሚያውቅ፣ በሰርግና በለቅሶ ለምታገኘው ሰው ስንት ጊዜ «አይሆንም» ልትል ትችላለች? ሦስት ጊዜ ብላ በአራተኛው በይሉኝታ ትሸነፋለች። ስለዚህ ውሳኔው የእሷ ይሁን፤ መልሱን ግን አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ከጎኗ ቆሞ ይናገረው።

አነጋገሩ አጭር ይሁን፤ ለምሳሌ፦ «ጋሼ፣ ስላሰቡልን አላህ ይስጥልን። ተመካክረን ጨርሰናል፤ ልጃችን አትሄድም። ፓስፖርቷን እስከ ጁሙዓ ይመልሱልን። ወጪ አለ ካሉ ደረሰኙን ይዘው ይምጡ፤ በሽማግሌ ፊት እናየዋለን።» ከዚህ በላይ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። «እናቷ ታማለች» ብትሉት «እህቷ ታስታምም» ይላል። «ትምህርት ጀምራለች» ብትሉት «ተመልሳ ትማራለች» ይላል። ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ አዘጋጅቷል፤ ለ«ጨርሰናል» ግን መልስ የለውም።

ይህ እንዲሰምር ጥቂት ነገሮችን አስቀድመን እንጠንቀቅ።

አንደኛ፣ ከደላላ ገንዘብ አንቀበል። ለትራንስፖርት፣ ለልብስ፣ ለበዓል ተብሎ የተሰጠ ስጦታ በማግሥቱ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ወለድ ያለበት ብድር ከሆነማ የሪባው ኃጢአት ይጨመርበታል።

ሁለተኛ፣ የፓስፖርቱን፣ የመታወቂያውንና የተፈረመውን ወረቀት ሁሉ ቅጂ ቤት እናስቀምጥ። አላህ በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ፣ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ በሆነው አንቀጽ፣ ዕዳን መጻፍንና ማስመስከርን ያስተማረን ለእንዲህ ያለው ቀን ጭምር ነው።

ሦስተኛ፣ ያልተነበበ ወረቀት ላይ አንፈርም። በዐረብኛ ከሆነ የሚያነብ ኡስታዝ አይጠፋም። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሙ ከተባለ ንግግሩ እዚያው ይቁም።

አራተኛ፣ ደላላው ዘመድ ከሆነ ዝምድናውን ሳንቆርጥ ጉዳዩን እንቁረጥ። ሲለተ ረሒም ማለት ልጅን ያለ ፈቃዷ መስጠት አይደለም። ግፊቱ ከበረታ የመስጊዱን ኢማምና የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስገብቶ በፊታቸው መነጋገር ጥሩ ነው፤ ሰው በምስክር ፊት አይዝትም።

አምስተኛ፣ በኤጀንሲ እምቢ ስትል «እንግዲያው በሌላ መንገድ» የሚላትን ከሁሉ አብልጠን እንፍራ። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ ሲያግድ ደላሎች ሥራቸውን አልተዉም፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ብዙዎች በጂቡቲና በየመን በኩል በባሕር አልፈዋል። በዚያው በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ አረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ በሌላቸው ላይ በወሰደችው እርምጃ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ያን ጊዜ በቦሌ ሊቀበላቸው የቆመ ደላላ አልነበረም።

ለእናቶችና ለአባቶች

የጎረቤት ቆርቆሮ ዓይን ይስባል። ችግሩንም እናውቀዋለን፤ የዘይቱ ዋጋ፣ የቤት ኪራዩ፣ የትንንሾቹ ትምህርት ቤት። ነገር ግን ልጃችን «አልሄድም» ስትል ስንፍና ነው ብለን አንቸኩል። ምናልባት ከተመለሰችው ጓደኛዋ እኛ ያልሰማነውን ሰምታ ይሆናል። ምናልባት ያለ መሕረም ሩቅ መጓዝን በተመለከተ የተላለፈውን ሐዲስ ፈርታ ይሆናል፤ ይህ በዑለማዎች ዘንድ በስፋት የተነገረበት ጉዳይ ነውና ፍርሃቷ መከበር ይገባዋል። ምናልባትም ዝም ብላ ልቧ እምቢ ብሏት ይሆናል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። በሱረቱጥ ጦላቅ አላህን ለሚፈራ መውጫ እንደሚያደርግለት፣ ባላሰበውም በኩል እንደሚሰጠው ቃል ተገብቷል። ይህ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። «አትሄድም» ያለ ቤተሰብ «ታዲያ ምን ትሥራ?» የሚለውንም አብሮ ይመልስ። የልብስ ስፌት ይሁን፣ እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ ይሁን፣ የከብት ማደለብ ይሁን፣ በዘመድ ዕቁብ የሚጀመር ትንሽ ንግድ ይሁን፣ የሚያዝ ነገር ይፈለግላት። አለዚያ ደላላው በሦስተኛው ወር ተመልሶ ሲመጣ በሩን የምትከፍትለት እሷው ትሆናለች።

ይህን ገጽ ደላሎችም እንደሚያነቡት እናውቃለን። ወንድሞች፣ እህቶች፣ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲ አላህ በቂያማ ቀን የሦስት ሰዎች ባላጋራ እንደሚሆን ተነግሯል። አንዱ በአላህ ስም ቃል ገብቶ የከዳ ነው። ሁለተኛው ነጻ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላ ነው። ሦስተኛው ሠራተኛን አሠርቶ ደመወዙን የነፈገ ነው። በእውነት የምታገናኙ፣ ፈቃድ ያላችሁ፣ እርጥቡን ከላይ የምታወጡ ከሆነ ሥራችሁ አይነቀፍም። «አልሄድም» ያለችን ልጅ አስፈራርቶ በመላክ የተገኘ ኮሚሽን ግን ከእነዚህ ከሦስቱ ለየትኛው እንደሚቀርብ እያንዳንዳችሁ ሌሊት ራሳችሁን ጠይቁ።

እናንተ እህቶችም፣ ሄዳችሁ ለመሥራት የወሰናችሁ በሕጋዊው መንገድ፣ ውላችሁን አንብባችሁ ሂዱ፤ አላህ ከእናንተ ጋር ይሁን። «አልሄድም» ያላችሁ ደግሞ አንገታችሁን አትድፉ። ቃላችሁን በግልጽ፣ በአክብሮት፣ በቤተሰባችሁ መካከል ሆናችሁ ተናገሩ። ያላበላሻችሁትን ዕዳ አትቀበሉ፤ ያለባችሁንም አትካዱ።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፤ የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ ያሉትን ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።